ቀይ አፈሩ ዋሻ ውስጥ ከቆየ፣ የእኛ ግድግዳ ላይ ለምን ይረግፋል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምራለሁ። አምና ከልጆቹ ጋር ከወንዙ ዳር ቀይና ቢጫ አፈር ለቅመን በውሃ በጠበጥነው። የክፍሉን የውጭ ግድግዳ በላም፣ በግመልና በእጅ አሻራ ሞላነው። ክረምቱ ሲገባ ግማሹ ታጠበ። የቀረውን መስከረም ላይ በጣቴ ብነካው ዱቄት ሆኖ ረገፈ። የጥንት ሰዎች በዚሁ አፈር ሥለው በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ዓመት እንዴት ቆየላቸው? ደም ቀላቅለውበት ነው የሚል አለ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ እንቁላል ነው ይላል። ምሥጢሩ ምንድን ነው? በዚያውም፣ ከቀበሌያችን በላይ አንድ የድንጋይ ጥላ ሥር ቀይ ሥዕል የሚመስል ነገር አለ። ደብዝዟል። ልጆቹን ወስጄ፣ በውሃ አጥበነው ፎቶ ብናነሣው ችግር አለው?»

ከመጨረሻው ልጀምር። አዎ፣ ችግር አለው። አይጠቡት። ውሃም፣ ጨርቅም፣ ብሩሽም፣ ጠመኔም አያስጠጉት። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ይህን ያስቀደምኩት ምላሹን አንብበው ሳይጨርሱ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘው እንዳይወጡ ብዬ ነው።

ወደ ምሥጢሩ ስንመጣ፣ ምሥጢር የለም። እነሱ ያውቁት የነበረ፣ ከእኛ የጠፋ አንድ ቅመም ያለ ይመስለናል። የለም። ሥዕሎቹን ያቆያቸው የቀለሙ ባሕርይ፣ የተሣሉበት ቦታና ዕድል ነው። ማጣበቂያው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ከብዙ ሥዕሎች ላይ እንዲያውም ጭራሽ አልተገኘም።

ቀለሙን እንይ። ቀይ አፈራችሁ ቀይ የሆነው ብረት ስላለው ነው። ያ ብረት ከአየርና ከውሃ ጋር ተገናኝቶ ዝጓል። ቀዩ ማዕድን ሄማታይት፣ ቢጫው ጎይታይት ይባላል። ልዩነታቸው ቢጫው በውስጡ ውሃ መያዙ ነው። ሁለቱም ከአፈር ጋር ተቀላቅለው ለቀለም ሲውሉ ኦከር እንላቸዋለን። በአጭሩ የጥንቱ ሠዓሊ የሣለው በዝገት ነው። ዝገት ደግሞ የሚሆነውን ሆኖ የጨረሰ ነገር ነው። ከዚህ በላይ አይዝግም፣ ምስጥ አይበላውም። ከቅጠልና ከአበባ የወጣ ቀለም ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ይገረጣል። ዝገትን ግን የጎረቤትዎ ቆርቆሮ ላይ ይዩት፤ ከዓመት ዓመት ይብስበታል እንጂ ሲገረጣ አይተውት አያውቁም።

ወሎ ውስጥ ይህ ቀለም መብዛቱ አይገርምም። የደጋችን አብዛኛው ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ የተነባበረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ያ ጥቁር ድንጋይ ብረት የበዛበት ስለሆነ ሲበሰብስ ይቀላል። መንገድ በተቆረጠበት ገደል ላይ፣ በሁለት የጥቁር ድንጋይ ንብርብር መካከል ጡብ የመሰለ ቀይ መስመር አይተው ይሆናል። እሱ ድሮ መሬት ላይ የነበረ አፈር ነው። በላዩ የፈሰሰው እሳት እንደ ሸክላ ተኮሰው። ላስታ ብንሄድም የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተወቀሩበት ድንጋይ የቀላው በዚሁ በብረት ነው።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ መታረም ያለበት ነገር አለ። ቀይ አፈር ሁሉ ኦከር አይደለም። የእርሻና የወንዝ ዳር ቀይ አፈር አብዛኛው ሸክላ ነው፤ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ብረት ይኖረዋል። ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እርስዎ ግድግዳው ላይ ያደረጉት ቀለም ሳይሆን ቀለም የነካው ጭቃ ነው። መለያው ቀላል ነው። የተሰበረ ሲኒ ይፈልጉ። ከሥሩ የማያብረቀርቀውን ሻካራ ክብ ያገኙታል። የአፈሩን እንክብል እዚያ ላይ ይፈግፍጉት። ወጥና ደማቅ መስመር ከተወ፣ ጣትዎም ላይ በአንድ እጥበት ካልለቀቀ፣ ጥሩ ነገር ይዘዋል። ፈዛዛ መስመር ትቶ ወዲያው ከተራገፈ ለምርጊት ያድርጉት።

ደሙን በተመለከተ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። የአረፋ ወይም የፋሲካ በግ በታረደ ማግሥት ደም የነካውን ድንጋይ ሄደው ይዩት። ጠቁሯል። በሳምንቱ ተቀርፎ ዝንብና ዝናብ ተካፍለውታል። ዋሻ ውስጥ የምናየው ቀይ የደም ቀይ አይደለም። በብዙ ቦታ ተመርምሮ የተገኘው ሄማታይት ነው።

የእንቁላሉ ወሬ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። የእንቁላል አስኳል በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በእንጨት ላይ ለተሣሉ ሥዕሎች ዋነኛ ማጣበቂያ ነበር። ባልደረባዎ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልንና የዋሻ ሥዕልን አንድ ላይ ያዩዋቸው ይመስለኛል። በመካከላቸው ያለው ዘመን ግን ሰፊ ነው። ቀለማቸውም ይለያያል። በብራና መጻሕፍታችን ላይ ከአፈር ቀለም ውጭ ሜርኩሪ ያለበት ቀይና አርሴኒክ ያለበት ቢጫ ተገኝቷል። ሁለቱም መርዝ ናቸው። ስለዚህ አሮጌ የብራና ሥዕል ቀለም በጥፍር እየፋቁ «ከምን ይሆን የተሠራው?» ማለት አያዋጣም፤ ለመጽሐፉም ለእርስዎም።

የቅድመ ታሪክ ሰዎች ማጣበቂያ አያውቁም ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ብሎምቦስ የተባለ ዋሻ ውስጥ የ100,000 ዓመት ዕድሜ ያለው የቀለም ዕቃ ተገኝቷል። ዕቃው ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። ውስጡ የተፈጨ ኦከር፣ ከሰልና የተሰባበረ አጥንት ነበረበት። አጥንቱ መቅኒው እንዲወጣ ተደርጎ እንደነበር ይታመናል። እዚያው አገር ሲቡዱ በሚባል ቦታ ደግሞ 49,000 ዓመት ያስቆጠረ የድንጋይ ስባሪ ላይ ኦከር ከወተት ጋር ተደባልቆ ተገኝቷል። በዚያ ዘመን እዚያ አካባቢ የቤት ከብት አልነበረም። ወተቱ የተገኘው ከታደነ የዱር እንስሳ ነው ማለት ነው። እንዴት አለቡት የሚለውን ለልጆቹ ይተዉላቸው፤ እነሱ የተሻለ መልስ አላቸው። በሌላ በኩል በብዙ ዋሻዎች ቀለሙ ሲመረመር ምንም ቅባት ወይም ሙጫ አልታየም። ወይ በስብሶ ጠፍቷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም ውሃ ብቻ ነበር። ውሃ ብቻ ሆኖም ሥዕሉ ቆይቷል። ለጥያቄዎ ዋናው መልስ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ሩቅ ሳንሄድ ድሬዳዋ አጠገብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ላንሣ። ዋሻው ለተመራማሪዎች የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1929 ሲሆን በ1933 ተቆፍሯል። በኋላም ቁፋሮው ቀጥሏል። ከዚያ የወጣው ኦከር ተቆጥሮ 4,213 ቁራጭ ሆነ። ሲመዘን 40 ኪሎ ገደማ ነው። ዕድሜውም 40,000 ዓመት አካባቢ ነው። ቁራጮቹ ላይ የመፈግፈግና የመፋቅ ምልክት አለ። አብረዋቸው የተገኙት የመፍጫ ድንጋዮችም እስከ ዛሬ ቀለም እንደነካቸው ናቸው። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንዲት ድቡልቡል ጠጠር ናት። ግማሿ ብቻ ቀይ ነው። አንድ ሰው በእጁ ይዞ በተበጠበጠ ቀለም ውስጥ ነክሯታል። ምናልባት እንደ ማኅተም ቆዳ ላይ ወይም ገላ ላይ ሊያትምባት ይሆናል። ለልጆቹ ከሥዕሉ ይልቅ እሷን ቢነግሯቸው ይሻላል። ድንጋይ ነክሮ ማተም የሁለተኛ ክፍል ተማሪም ይችላል።

አሁን አንድ ነገር ያስቡ። ከዚህ ሁሉ ኦከር ላይ ተፈግፍጎ የወጣው ቀለም የት ገባ? አብዛኛው የሄደው ዋሻ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ገላ፣ ፀጉርና ቆዳ ላይ ሊሆን ይችላል። ዛሬም ደቡብ ኦሞ ውስጥ የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ይሠራሉ። ያ ቀለም ከሺህ ዓመት በኋላ አይገኝም። የጥንት ሰዎችም ደጅ ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ ዝናብ በሚመታው ቋጥኝ ላይ ሣይሥሉ አልቀሩም። ያ ሁሉ እንደ እርስዎ ግድግዳ ታጥቧል። እኛ የምናየው የተረፈውን ብቻ ነው። የተረፈውን ብቻ እያየን «እነሱ የሣሉት አይጠፋም» ብንል፣ የመቶ ዓመት አዛውንት አግኝቶ «በዚያ ዘመን ሰው አይሞትም ነበር» እንደማለት ነው።

የተረፈውስ ለምን ተረፈ? ጥልቅ ዋሻ ውስጥ ዝናብ የለም፣ ፀሐይ የለም፣ ሙቀቱ ክረምት ከበጋ ብዙም አይለዋወጥም። ዋሻው የኖራ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በድንጋዩ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ኖራ አሟሙቶ ያመጣና በሥዕሉ ላይ እንደ ስስ መስታወት ያለብሰዋል። ቀለሙ በድንጋይ ውስጥ ተዘጋ ማለት ነው። ይህ ሁኔታ ሲናጋ ምን እንደሚሆን ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ያለው ላስኮ አሳይቷል። ሥዕሎቹ 17,000 ዓመት ገደማ ቆይተው ነበር። ዋሻው እ.ኤ.አ. በ1948 ለጎብኚ ተከፈተ፣ በ1963 ተዘጋ። በ15 ዓመት ውስጥ የጎብኚው ትንፋሽና መብራቱ አረንጓዴ አልጌ አመጡበት። አሁን ሰው የሚያየው አምሳያውን ነው። ቀለሙ ያው ቀለም ነው። የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው።

የእኛ ደጋ ድንጋይ በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ አይደለም። ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የድንጋይ ጥላም ጥልቅ ዋሻ አይደለም፤ ንፋስና ጭጋግ ይገባዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እውነተኛ ሥዕል ካለ፣ ከላስኮ ይልቅ ለጉዳት የቀረበ ነው።

እንግዲህ ወደ ግድግዳችሁ። ሳላየው ብናገርም የሆነው ግልጽ ነው። ጭቃና ጭድ የተመረገ ግድግዳ ነው፤ ደርቋል። በላዩ ሸክላ የበዛበት ቀለም ወፍሮ ተለቀለቀ። ሁለቱን የሚያያይዝ ነገር የለም። ዝናቡ ከላይ መታው፣ ፍንጣቂው ከታች። የረገፈው ከዚህ የተነሣ ነው። የሚስተካከለውም በደም ሳይሆን በሦስት ተራ ሥራዎች ነው፤ አፈሩን በማጥለል፣ ግድግዳውን በመምረጥ፣ ከዚያ ማጣበቂያ በመጨመር።

ማጥለሉን ቡና የሚያፈላ ሁሉ ያውቀዋል። ጀበናው ሲወርድ ወዲያው አይቀዳም፤ አተላው እስኪዘቅጥ ይጠበቃል። አፈሩም እንዲሁ ነው። ሰብረው በባልዲ ውሃ በደንብ ይበጥብጡት። እስከ ሠላሳ ይቁጠሩ። አሸዋና ጠጠሩ ይወርዳል። ላዩን ቀይ ውሃ ቀስ ብለው ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡት፣ የዘቀጠውን ይድፉ። ሁለት ሦስቴ ይደጋግሙት። ከዚያ ቀዩን ውሃ አሳድረው፣ ጠዋት ከላይ የጠራውን ውሃ አፍስሰው፣ ሥሩ የተኛውን ለስላሳ ነገር ፀሐይ ላይ ያድርቁት። በእርጥቡ በወፍጮና በመጅ ቢያልሙት ደግሞ በጣት ሲያሹት ቅቤ ይመስላል። ማጥለል ሸክላውን ሙሉ በሙሉ አያስወጣም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሲኒው ላይ ፈትነው ጥሩውን አፈር መምረጥ ያለብዎት።

ቢጫውን ወደ ቀይ መቀየር ለልጆች ከሁሉ የሚጥም ትምህርት ነው። ጎይታይት ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የያዘው ውሃ ይወጣና ሄማታይት ይሆናል። ሸክላ ሠሪ ስትተኩስ ቢጫው ጭቃ ቀልቶ የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። የእንጀራ ምጣድ ሙቀት አይበቃም። እኔ ልጅ እያለሁ በእናቴ ምጣድ ሞክሬዋለሁ። ቀለሙ አልተቀየረም፣ እኔ ግን ተቀጣሁ። ገል ላይ አድርገው ፍም ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ያኑሩት። ከቢጫ ወደ ብርቱካን፣ ከዚያ ወደ ጡብ ቀይ ሲሄድ ዓይናችሁ እያየ ነው። እሳቱ እጅግ ከበዛ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነብላል። የጥንት ሰዎችም ይህን ያውቁ እንደነበር ይታመናል። ይሁንና በቁፋሮ የተገኘ የተቃጠለ ኦከር ሁሉ ታስቦ የተቃጠለ አይደለም፤ ከዘመናት በኋላ በላዩ እሳት የነደደበትም አለ።

ሌላውን ቀለም በአጭሩ ልለፈው። ጥቁሩ ከሰል ነው፣ ወይም ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድን። ነጩ ነጭ ሸክላ፣ ጄሶ ወይም ኖራ ነው። ልጆቹ «ሰማያዊስ?» ማለታቸው አይቀርም። በዋሻ ሥዕሎች ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ የለም ማለት ይቻላል። እግራቸው ሥር የሚገኘው አፈር ያንን ቀለም አይሰጥማ።

ማጣበቂያውን እንደ ቦታው ይምረጡ። ለወረቀት ወይም ለካርቶን የግራር ሙጫ በሞቀ ውሃ አሟሙተው ቢጠቀሙ በቂ ነው፤ ከቆላ ወደ ገበያ ስለሚወጣ ማግኘቱ አይከብድም። ግን ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ደጅ ላይ አይሆንም። ለክፍል ውስጥ ግድግዳ የእንቁላል አስኳል ይሠራል። ባልደረባዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም ማለት ነው፤ ዘመኑን ብቻ ነው የሳቱት። የእንቁላልን ዋጋ ግን ታውቁታላችሁ።

ለደጅ የሚሻለው አይብና ኖራ ነው። ጨው ያልነካው አይብ አምስት ማንኪያ፣ ውሃ ጠጥቶ የበረደ ኖራ እንደ ሊጥ ሆኖ አንድ ማንኪያ። አብረው ሲታሹ አይቡ ቀስ በቀስ እህልነቱን ትቶ የሚያብረቀርቅ ሙጫ ይሆናል። በውሃ አቅጥነው የጠለለውን ቀለም ይጨምሩበት። በዚያው ቀን ይጨርሱት፣ ካደረ ይሸታል። ኖራ ከተክል የወጣ ቀለም ያበላሻል፤ የብረት ቀለም ግን ይችለዋል። ከዚህም የሚበልጠው ግድግዳውን በኖራና በአሸዋ ስስ አድርጎ ለስኖ፣ ልስኑ ሳይደርቅ መሣል ነው። ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፣ ቀለሙን በውስጡ ይይዛል። የኖራ ዋሻው ለሥዕሉ ካደረገለት ጋር ይቀራረባል። ችግሩ ቶሎ መሥራት ይጠይቃል፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚሸፍኑትን ያህል ብቻ ይለስኑ።

ጥንቃቄውን እዚህ ላይ ልበል፤ የልጆች ጉዳይ ነውና። ኖራውን ልጅ አይነካውም። ዓይን ያቃጥላል፣ ቆዳ ይልጣል፤ እርስዎ በጓንት ያዘጋጁት። አፈር በደረቁ አይፈጭ። ብናኙ ለሳንባ አይሆንም፤ ማንጋኒዝ ሲሆን ደግሞ ነርቭም ይጎዳል፤ ስለዚህ ጥቁሩን ከከሰል ብቻ ያድርጉት። የእጅ አሻራ ሲሠሩ የጥንት ሰዎች ቀለሙን በአፋቸው ይተፉ ነበር። እናንተ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈንጥቁት። ከጋራዥ፣ ከቆሻሻ መጣያና ከአስፋልት ዳር አፈር አታንሡ። ክረምት ላይ ከተሸረሸረ ገደል ሥር ገብቶ መቆፈር አደጋ ነው፤ የእኛ አካባቢ መሬት ሲንሸራተት እንግዳችን አይደለም። ልጆቹ ጫማ ያድርጉ፣ ሲመለሱም እግራቸውን በሳሙና ይታጠቡ። የደጋ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር መሄድ የዝሆኔ አንዱ መንሥኤ ነው። አንድ ቀን ያመጣል ማለቴ አይደለም። ስለ አፈር የሚያስተምር ሰው ግን ይህን ቢጨምር መልካም ነው።

ይህን ሁሉ አድርገውም ሥዕሉ ዝናብ በሚያጋጨው ግድግዳ ላይ ከሆነ ጥቂት ዓመት ቢቆይ ነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ጣሪያው ወጣ ብሎ የሚጋርደውን፣ ዝናብ የማይመጣበትን ግድግዳ ይምረጡ። ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብለው ይጀምሩ፣ ከታች ያለው ለፍንጣቂ ነው። አሮጌውን ዱቄት በመጥረጊያ አራግፈው በኖራ ይለስኑ። በአይብና በኖራ ቀለም ስስ አድርገው ይሣሉ፣ ሲደርቅ ይደግሙ። አንዴ ማወፈር ያሰነጥቀዋል። ደግሞም በየዓመቱ ማደስን እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት። አያቶቻችን ለበዓል ቤት ሲለቀልቁ ለዘላለም እንዲቆይ ብለው አልነበረም። ለከርሞው ሌላ አፈር አለ።

አሁን ወደ ድንጋዩ ጥላ ልመለስ። መጀመሪያ ሥዕል መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በእኛ ድንጋይ ላይ ብረት ራሱ እየሟሟ ወርዶ ቀይ ምልክት ይተዋል። የተፈጥሮ ምልክት ስንጥቁንና የውሃውን መንገድ ይከተላል፣ ከላይ ጠቆር ብሎ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል። ሰው የሣለው ግን ስንጥቁን አቋርጦ ያልፋል። የመስመሩ ውፍረት የጣት ወይም የብሩሽ ልክ ይይዛል፣ ጠርዙም ይታወቃል። ምሥራቅ ኢትዮጵያ ለገ ኦዳ ያሉትን ሥዕሎች ፎቶ ፈልገው ቢያዩ ዓይንዎ ይለምዳል። ከብቶቹ ረቂቅ ናቸው፤ ቀንድና ጡታቸው ግን ጎልቶ ተሥሏል።

ማጠቡን የከለከልኩት ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ የድንጋይ ሥዕል ላይ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ረጭቼ ፎቶ አነሣሁ። ወዲያው ደመቀ፣ ደስ አለኝ። በሌላ ጊዜ ተመልሼ ሳየው፣ ውሃው የነካው ቦታ ነጭ ጨው አውጥቷል። ውሃው በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሟ፤ ሲደርቅ ጨው ወደ ላይ ወጣና ቀለሙን ከሥሩ ፈነቀለው። ጨው ከወጣ መመለስ አይቻልም። በጠመኔ ዙሪያውን ማስመርም ያው ነው፤ ከዚያ በኋላ የትኛው የጥንቱ ሰው መስመር፣ የትኛው የመምህሩ እንደሆነ የሚለየው የለም።

«ስንት ዓመቱ ነው?» የሚለውን ልጆቹ ቢጠይቁ፣ በቀለሙ ድምቀት አይገመትም ይበሏቸው። ኦከር ውስጥ ካርቦን ስለሌለ በራዲዮካርበን ዕድሜው አይለካም። በከሰል የተሣለ ከሆነ ይቻላል። ሌላው መንገድ በሥዕሉ ላይ የተጋገረውን የኖራ ቅርፊት መለካት ነው። ኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት ላይ ያለ የአሳማ ሥዕል ቢያንስ 51,200 ዓመት እንዳለው የታወቀው እንዲህ ነው። ለዚህም ነው ቅርፊቱን ማንም «አጸዳለሁ» ብሎ መፋቅ የሌለበት። የሚጸዳው የልደት ወረቀቱ ነው።

ስለዚህ ብቻዎን፣ ወይም ቦታውን ከሚያውቁ ከአንድ የሰፈሩ አዋቂ ጋር ይሂዱ። ልጆቹ ለጊዜው ይቅሩ። ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሡ። አንዱን ከሩቅ፣ ድንጋዩና አካባቢው እንዲታይ። ሌላውን ከቅርብ፣ መጠኑ እንዲታወቅ ማስመሪያ በእጅዎ ከፊቱ አየር ላይ ይዘው፤ ድንጋዩ ላይ አያስደግፉት። ፎቶውን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያስገቡ፣ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንዲደርስ ይጠይቁ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ትክክለኛ ቦታውን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይለጥፉ። የደብዳቤውን ቅጂ ማኅተም አስመትተው ይያዙ፤ ቢሮ ሲቀየር ፋይል ይጠፋል።